ስለ አውቶሞቢል ማደሪያ ቤት

በዚህ ገጽ ስለ ወጥ ቤት አሠራርና ስለ ሕፃናት መኝታ ክፍል ብዙ ጊዜ ተናግረናል፤ ስለ አውቶሞቢል ማደሪያ ግን እስከ ዛሬ አንዲት ቃል እንኳ አለመጻፋችንን አንድ አንባቢያችን በላኩልን ደብዳቤ አስታወሱን። እኚህ ሰው ከአባታቸው የወረሷት አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን አለቻቸው፤ በቅርቡም ለቤተ ሰቡ አገልግሎት በኤሌክትሪክ የምትሄድ አዲስ መኪና ገዝተዋል። ስለዚህ ከግቢያቸው በስተጓሮ ለሁለቱ የሚበቃ ጋራዥ፥ በዚያውም እሑድ እሑድ አሮጌይቱን በገዛ እጃቸው እየፈቱ የሚገጥሙበት ሥፍራ ለመሥራት አስበዋል። ከደብዳቤው ግርጌ ግን በሌላ እጅ ጽሕፈት «የዘበኛው ክፍልና ጋራዡ በአንድ ግድግዳ ይሠሩ ወይስ አይሠሩ? እባካችሁ ይህን ንገሩልኝ» የሚል ቃል ተጨምሮበታል። የባለቤታቸው እጅ እንደ ሆነ ገመትን። መልሳችንም ከዚህ ከግርጌው ጥያቄ ይጀምራል።

አይሠሩ። በከተማችን እንደ ተለመደው ወጥ ቤቱ፥ የዘበኛው ክፍልና ጋራዡ ከጓሮ በአንድ ተርታ ተሰልፈው በአንድ ቆርቆሮ ይከደናሉ። የመካከሉም የብሎኬት ግድግዳ ብዙ ጊዜ እስከ ጣራው ስለማይደርስና ኮርኒስም ስለማይኖረው፥ ከአንዱ ክፍል የተነሣው አየር በላይ አልፎ ወደ ሌላው ይወርዳል። ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ጭስ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዝ ይዟል። ይህ አየር መልክም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ስለሚይዘው፥ ሰውየው ሳይታፈን የታፈነ ይሆናል። ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ በብርድ ሌሊት የከሰል ማንደጃ ወደ ክፍላቸው አስገብተውና በር ዘግተው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩትን ሰዎች የገደላቸው ይኸው መርዝ ነው። አሁን እንግዲህ ጌታው በማለዳ ተነሥተው አሮጌይቱን ቮልስ ሲያሞቁ፥ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቅ ያደረው ዘበኛ ገና ጋደም ማለቱ መሆኑን እናስብ። የበቅሎ ጋጣ በቀድሞው ዘመን ከመኝታ ቤት ይርቅ የነበረው ስለ ሽታው ነበር፤ የጋራዥ ክፉው ነገር ግን የማይሸት በመሆኑ ሰዎች ሳይፈሩ ያቀርቡታል።

ስለዚህ የዘበኛው ክፍል ከውጭው በር አጠገብ ለብቻው ይሠራ፤ ለጥበቃውም የሚሻለው ይኸው ነው። ቦታው ጠብቦ የግድ ከጋራዡ ጋር የሚጣበቅ ከሆነ ግን ግድግዳው እስከ ጣራው ድረስ ይዘጋ፥ በሁለቱም ወገን ይለሰን፥ በመካከሉም በር ወይም መስኮት አይከፈትበት። ሞተርም ቢሆን የሚሞቀው መኪናይቱ ወደ ሜዳ ከወጣች በኋላ ይሁን። የጋራዡን በር መክፈት ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ ባለቤቱ ደስታ እንመለስ። ስፋቱን በተመለከተ፥ ቮልስዋገኗ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲም፥ ወርዷ 1 ሜትር ከ54 ሳንቲም ያህል ነው፤ አዲሲቱ መኪና ከዚህ ትበልጣለች። በሁለቱ መካከልና በግራ ቀኙ የሰው መተላለፊያ፥ ከፊትም የሥራ ጠረጴዛ እንዲኖር 6 ሜትር ተኩል ወርድና 7 ሜትር ርዝመት ቢሆን ይበቃል። ከዚህ ያነሰ ጋራዥ መኪና ያሳድር ይሆናል እንጂ አያሠራም። የበሩን ቁመት ከ2 ሜትር ከ40 ሳንቲም አታሳንሱ። አንድ ወዳጃችን የበሩን ልክ ባዶውን መኪና አቁመው አስለኩ፤ በኋላም ከአገር ቤት በሌሊት ሲመለሱ በፖርቶ መጋላው ላይ የተጫነው የማር እንስራ ከጉበኑ ጋር ተጋጨ። ማሩ መስተዋቱን ሁሉ አልብሶ ሳለ የነጂውን ፊት ያየ ሰው ሳይስቅ አላለፈም።

ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን፤ ነገር ግን ለሳሎን እንደሚደረገው ሊሾ አይሁን፤ ዘይት የነካው ሊሾ እንደ ሣሙና ያንሸራትታልና። ከግቢው ደረጃ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ከፍ ብሎ፥ በየሜትሩም አንድ ወይም ሁለት ሳንቲም ወደ በሩ እንዲያዘቀዝቅ ቢደረግ የክረምቱ ጎርፍ አይገባም፥ የታጠበውም ውሃ አይተኛም።

ጸሓፊያችን ከመኪናይቱ በታች ገብቶ ለመሥራት ጉድጓድ ለማስቆፈር ይመኛሉ። ምኞቱ የቆየ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1910 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈጸመው፥ ፍራንክ ሎይድ ራይት የነደፈው የሮቢ ቤት ሦስት መኪና የሚይዝ ጋራዥና የመካኒክ ጉድጓድ ነበረው። እኛ ግን ልጆች ባሉበት ግቢ ይህን አንመክርም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ይተኛል፤ ከአንዲት የመብራት ብልጭታ በቀር የሚጠብቀው ነገር የለም። በአዲስ አበባ ብዙ ሠፈሮች ደግሞ በክረምት ከሥር ውሃ ያፈልቃል። በጉድጓድ ፈንታ ጠንካራ ክሪክና አራት የብረት መቆሚያ ይገዛ። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ማንም ሰው ራሱን አያግባ፤ በብሎኬት ወይም በድንጋይ ማስደገፍም የባሰ ነው፤ ብሎኬት ድንገት ይፈረካከሳልና።

በዚሁ ምክንያት ከግድግዳው ግርጌ ለቤንዚኑ ትነት፥ ከጣራውም ሥር ለሞቀው አየር መተንፈሻ ይተው። የላይኛው በአሮጌይቱ ባትሪ ምክንያትም ያስፈልጋል፤ አሲድ ያለበት ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ቀላልና ተቀጣጣይ ነው። የኤሌክትሪክ ሶኬት ሁሉ ከወለሉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል። በጀሪካን የተጠራቀመ ቤንዚን በጋራዡ አይደር። የዱቄት እሳት ማጥፊያ በበሩ አጠገብ ይሰቀል እንጂ ከውስጥ በኩል ከጠረጴዛው በላይ አይሁን፤ እሳቱን ተሻግሮ የሚያመጣው ሰው አይገኝምና። በሚነድ ቤንዚን ላይ ውሃ መድፋት እሳቱን ማስፋት ነው።

ለአዲሲቱ መኪና ከቆጣሪው የሚነሣ የራሱ መስመር ይዘርጋላት። ከተራ ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የሚገኘው 2 ኪሎዋት ከ200 ዋት ብቻ ስለ ሆነ፥ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ባዶ ቢሆን ለመሙላት ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ያልፋል። 32 አምፔር የሚሸከም መስመር ግን 7 ኪሎዋት ሰጥቶ በአንድ ሌሊት ያደርሰዋል። ይህንን የሚሠራ በሙያው የታወቀ ኤሌክትሪከኛ ነው፤ የምድር ሽቦውም እንዳይረሳ። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ሌሊቱን ሙሉ የምትሞላ መኪና በብዙ ግቢ አይተናል፤ ገመዱን በእጃቸው ዳሰው ትኩሳቱን ያወቁ ሰዎች ዳግመኛ አላደረጉትም።

ስለ መሣሪያው አንናገርም፤ ካቻቢቴውን፥ ፒንሳውንና ሞርሳውን ባለቤቱ ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። (ጣልያን ከሄደ ስንት ዘመን ሆኖ የጋራዣችን ቋንቋ እስከ ዛሬ የእርሱ መሆኑ ያስገርማል።) ከጠረጴዛው በላይ በሰሜን በኩል መስኮት ቢከፈት ግን ዓይን የማይወጋ ብርሃን ይገኛል።

አሮጌይቱን መኪና በተመለከተ ጥቂት እንጨምር። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሌይ የምትባለውን አውቶሞቢል ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ በመኳንንቱ ግቢ ጋጣ እንጂ ጋራዥ አልነበረም። ዛሬ ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ ቀድሞ የገባችው ሁሉ ምትክ የሌላት ሆናለች። ይህች ዓይነት ቮልስዋገንማ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ የመጨረሻይቱ ከተሠራች በኋላ ከፋብሪካ አልወጣችም። ስለዚህ በላስቲክ አትሸፈን፤ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ላሜራዋን ያዝገዋልና፥ አየር የሚያሳልፍ የጥጥ ጨርቅ ይልበስላት። ለብዙ ሳምንት የምትቆም ከሆነ የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ፥ ጎማዋም በደንብ ይነፋ። በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት የጠቀማት ይመስላል እንጂ በማርሚታዋ ውስጥ ውሃ ማጠራቀም ነው፤ በወር ሁለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት መንዳት ይሻላታል። አይጥም ሽቦ ትበላለችና፥ የልጆች ፍርፋሪ ከመቀመጫዋ ላይ ይጠረግ።

ጸሓፊያችን የላኩልንን ንድፍ መልሰን ስንልክ የዘበኛውን ክፍል ከጋራዡ አንሥተን ከውጭው በር በስተቀኝ፥ የሎሚው ዛፍ ከቆመበት አለፍ ብሎ አድርገነዋል። ዛፉ መቆረጥ የለበትም። ጋራዡ በዚህ ምክንያት 1 ሜትር ያህል ረዝሟል፤ ባለቤቱ ይህን ባዩ ጊዜ እንደማይከፋቸው እናምናለን።