የተቃጠለ ዘይት ለብረት መድኃኒት አይደለም

ሰኔ መጨረሻ ላይ በየዓመቱ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ወርክሾፕ ሊዘጋ ሲል አንዱ ልጅ ጄሪካን ይዞ ጋራዥ ይላካል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በነጻ ይቀዳል። ቶርኖው፣ ትራፓኖው፣ ሞርሳው ሁሉ ከነፍቅፋቂው፣ ከነአቧራው በብሩሽ ይለቀለቃል። ላስቲክ ይጣልበታል፣ በሩ ይቆለፋል፣ «ጥገና ተከናውኗል» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። መስከረም ላይ በሩ ሲከፈት ቶርኖው ቀይ ሆኗል። ያኔ ደግሞ «የእንጅባራ ዝናብ መቼ ብረት ያስተርፋል!» ይባላል።

ዝናቡ ምን አደረገ? ዝናቡማ ጣሪያው ላይ ነበር።

በእኔ ወርክሾፕ ያለፋችሁ ልጆች ይህን መቶ ጊዜ ሰምታችሁታል፤ ዛሬ ግን የምናገረው ለእናንተ ብቻ አይደለም። ከእናንተ ውስጥ አሁን አሠልጣኝ የሆነ አለ፣ ንብረት ክፍል የገባ አለ፣ በማኅበር ተደራጅቶ በብድር ማሽን የገዛ አለ። የተቃጠለውን ዘይት የሚቀባው ሰው ደግሞ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ዘይት ዘይት ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። የምጣላው ከዚህ እምነት ጋር ነው።

ዘይቱ ከሞተር የወጣው ለምንድን ነው? ሥራውን ስለጨረሰ ነዋ። ሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ውሃም አሲድም ይፈጠራል፤ ጥላሸቱም እዚያው ይቀራል። አዲስ ዘይት ውስጥ አሲዱን የሚያረክስና ዝገት የሚከላከል ቅመም ነበረ፤ እሱ አልቋል። ስለዚህ ያን ጥቁር ዘይት ተወልውሎ በሚያበራ ብረት ላይ ቀብታችሁ ሦስት ወር ስትዘጉበት፣ ብረቱን ከውሃ አልጋረዳችሁትም፤ ውሃውንና አሲዱን ራሳችሁ አስተኛችሁበት። በባዶ እጅ የሚቀባውን ተማሪ ደግሞ አስቡት። ያ ዘይት ለዓመታት ቆዳ ላይ ሲመላለስ ለቆዳ ካንሰር ሊዳርግ ይችላል። ነጻ ነው የምንለው ይህንን ነው።

ላስቲኩ ይብሳል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቷን ታውቁታላችሁ። ቀን የገባው እርጥብ አየር ማታ የቀዘቀዘ ብረት ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል፣ ልክ ጠዋት መስኮት ላይ እንደምናየው። ላስቲኩ ያን ውሃ መውጫ ይከለክለዋል። የአየር እርጥበት ከ60 በመቶ ካለፈ ብረት መዛጉን ያፋጥናል። የእኛ ክረምት ደግሞ ከዚያ በታች የሚወርድበትን ቀን መፈለግ ነው። ዳንግላ በከፍታ ዝቅ ትላለች እንጂ በሐምሌ እሷም ያው ናት። ስለዚህ አቡጀዲ ወይም ሌላ አየር የሚያስገባ ጨርቅ አልብሱት። ከሲሚንቶው ወለልም እርጥበት ይወጣልና የእጅ መሣሪያ መሬት ላይ አይደር።

አንድ ስሙን የማልጠራው መጋዘን ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የዩሪያና የኤንፒኤስ ጆንያ ተደርድሯል፤ ከጎኑ ከነካርቶኑ የቆመ አዲስ ትራፓኖ አለ። ማዳበሪያ ከአየር ላይ ውሃ የሚስብ ጨው ነው! ብናኙ ያረፈበት ብረት በደረቅ ቀን እንኳ እርጥብ ነው። ማሽኑ አንድ ቀን ሳይሠራ ጥርሱ በልቶ ነበር። ይህን ያደረገው ሰው «ቦታ ጠቦን ነው» አለኝ። እሺ፣ ቦታ ጠቧል። ማዳበሪያው ግን በወሩ ለገበሬ ይከፋፈላል፤ ትራፓኖው ነው ዓመት የሚቆየው። የትኛው ነው ሌላ ክፍል ማግኘት የነበረበት?

አሁን «በጀት የለም» የሚለው ይመጣል። በጀት የለም የምትሉትን እኔም ሰምቼ ሰልችቶኛል። ንጹሕ ዘይት አንድ ሊትር አንድ መካከለኛ ቶርኖ ቀብቶ ይተርፋል፣ ምክንያቱም የሚቀባው በስሱ ነው። ዋናው ድካም ያለው ከመቀባቱ በፊት ነው፤ ፍቅፋቂውን በብሩሽ ማውጣት፣ በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ አጥርቶ መወልወል። በተለይ ስንቆርጥ የምናፈስሰው ማቀዝቀዣ ውሃ ጋሪው በሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ከደረቀ፣ ከላይ የፈለጋችሁትን ቀቡ፣ ከሥር መብላቱን አይተውም። ይህ ጉልበት እንጂ ብር አይጠይቅም። በወር አንድ ጊዜ ቁልፍ ከፍቶ ገብቶ ማሽኑን በእጅ ማዞርም ብር አይጠይቅም።

መለኪያዎቹ ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል። ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር መቶኛ ይለካል የምንለው መሣሪያ ነው። በላብ እጅ ተይዞ ሳይወለወል ከሞረድና ከመዶሻ ጋር አንድ ሳጥን ይጣላል። የጣት ላብ ጨው ነው፤ የጣቱ አሻራ እንዳለ ብረቱ ላይ ይታተማል። ካሊፐርም ማይክሮሜትርም ተወልውሎ፣ ጥቂት ጥሩ ዘይት ነክቶት፣ በራሱ ሳጥን ነው የሚቀመጠው። አፉን ገጥማችሁ አታጥብቁት፤ ትንሽ ክፍተት ተዉለት። የዛገ መለኪያ ይዞ የሚማር ልጅ የሚማረው ስሕተት ነው። ያን ይዞ ወጥቶ የሚቆርጠው ዘንግ ኩሽኔታው ውስጥ አልገባ ሲለው ራሱን ሰነፍ ነኝ ብሎ ያስባል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

የመውቂያ ማሽን ያላችሁ ልጆችም እንዲሁ። ጥርና የካቲት ሠርታችሁ ከነገለባው ጣራ ሥር ትገትሩታላችሁ። ገለባ ውሃ ያቁራል። አውጡት። ችንጊያውን አላሉት፣ ዘይት ግን አታስነኩት፣ ጎማ ዘይት አይወድም። ኩሽኔታው ንጹሕ ግሪስ ይግባለት። ማሽኑ ቢቆምም የብድሩ ወለድ አይቆምምና።

አገሬው እኮ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በዓሉ ጥር 23 ነው። እንግዲህ ከጥር እስከ ጥር ኮርቻውንና ልጓሙን መሬት ላይ ጥሎ የሚያሳድር ፈረሰኛ አባት አሳዩኝ! ይሰቅለዋል፣ ጠፍሩን ያያል፣ የላላውን ያጠብቃል። ለቶርኖ ሲሆን ነው «የመንግሥት ንብረት» የሚባለው።

ስለዚህ ዘንድሮ የምጠይቀው ይህ ነው። አሠልጣኞች፣ የመጨረሻውን ሳምንት ለጽዳትና ለቅባት መድቡት፤ እንደ አንድ የተግባር ፈተናም ነጥብ ስጡበት። ንብረት ክፍል ያላችሁ፣ ሰኔ 30 ቁልፍ ስትረከቡ ወረቀት ላይ ብቻ አትፈርሙ። ጨርቁን ግለጡት፣ በነጭ ጨርቅ ብረቱን አብሱት። ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ከወጣ ቁልፉን መልሱላቸው።