12ኛ ላይ የምናለቅሰው 7ኛ ክፍል ላይ የተጀመረውን ነው

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ሁላችንም ቁጥሩን ሼር እናደርጋለን። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። ከዚያ ለሁለት ቀን ሚኒስትሩን፣ መምህሩን ወይ ቲክቶክን እንወቅሳለን፣ በቃ። ዛሬ ግን ወደ ኋላ ሄደን 7ኛ ክፍልን እንይ።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛን ከአንደኛ ደረጃ ነጥሎ «መካከለኛ ደረጃ» አድርጓቸዋል። በፊት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለየብቻቸው ነበሩ፤ አሁን «ጀነራል ሳይንስ» በሚል አንድ ላይ ገብተዋል። 9ኛ ላይ መልሰው ይለያያሉ። ልጁ ለሦስቱም መሠረት የሚጥለው በነዚህ ሁለት ዓመታት ነው ማለት ነው።

ማዋሃዱን አንቃወምም። ተክል ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ስለ ብርሃንም ስለ ኬሚስትሪም ማወቅ ያስፈልጋል፣ ለ13 ዓመት ልጅ ነገሩን ሦስት ቦታ መቆራረጥ ብዙም አይጠቅመውም። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ከልጁ የሚጠበቀው ሲጨምር ድጋፉ አብሮ አልጨመረም። መምህሩንም ተዉት፣ ባዮሎጂ ተምሮ የተመረቀ ሰው አሁን ኤሌክትሪክም ማስረዳት አለበት።

ትልቁ ግን ቋንቋው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአማርኛ በሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጁ እስከ 6ኛ «አካባቢ ሳይንስ»ን በአማርኛ ይማራል። ክረምቱ ያልፋል፣ መስከረም ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆናል። «ቁስ አካል» ያለው ነገር «ማተር» ይባላል፣ «ሕዋስ» ያለው «ሴል»። ልጁ ሐሳቡን ያውቀዋል እኮ! ስሙ ነው የጠፋበት። ፈተና ላይ ሲሳሳት ግን «ሳይንስ አይገባውም» ይባላል፣ እሱም አምኖ ይቀመጣል። 9ኛ ሲደርስ ፊዚክስን ገና ሳይጀምረው ፈርቶታል።

ድጋፉስ? ገንዘብ ያለው ቤተሰብ አስጠኚ ይቀጥራል። ለሌላው «መጽሐፉ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ አለ» ይባላል። ጥሩ፣ ስልኩ የማን ነው ታዲያ? የአባትየው። አባትየው ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ነው የሚገባው፣ ያኔ ዳታውም ባትሪውም አልቋል።

እዚህ ጋ ነው እናንተን የምንፈልጋችሁ። ይህን የምታነቡት ስልክ አላችሁ፣ አብዛኞቻችሁም ቤት ውስጥ ታናሽ አላችሁ። ፒዲኤፉን አውርዱና ከየምዕራፉ አዲስ ቃላቱን ብቻ አውጥታችሁ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ደብተሩ ላይ አስጽፉት። አንድ ምዕራፍ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ላብራቶሪ የለም ብላችሁም አትተዉት። አሲድና ቤዝን ለማሳየት ወጥ ቤት ያለው እርድ ይበቃል። እናቶቻችን ያውቁታል፣ ነጭ ልብስ ላይ የፈሰሰ እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል። ሳሙና ቤዝ ስለሆነ ነው። ሎሚ ጠብ አድርጉበት፣ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል። ልጁ ይህን አንዴ በዓይኑ ካየ «ኢንዲኬተር» የሚለውን ቃል መሸምደድ አይጠበቅበትም። (በእናት ነጠላ ላይ አትሞክሩት፣ አሮጌ ጨርቅ ፈልጉ።)

ከትምህርት ቤት የምንጠይቀውም ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ አይደለም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የትኞቹ ምዕራፎች እንደሚሸፈኑ፣ ልጁ በእያንዳንዳቸው ምን ማወቅ እንዳለበትና ማርኩ ከምን ከምን እንደሚያዝ በአንድ ወረቀት፣ በአማርኛ፣ ለወላጅ ይድረስ። አሁን ብዙ ወላጅ ይህን የሚያውቀው ካርድ ሲወጣ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሴሚስተሩ አልቋል። የወላጅ ስብሰባ ላይ እናትና አባት መሄድ ካልቻሉ እናንተ ሂዱና ወረቀቱን ጠይቁ።