አንድ መቶ ሺህ ወታደር ለአንድ ጠረጴዛ

የዛሬው ጉዳያችን የመጣው ከወደ ሽሮ ሜዳ ከሚኖሩ አንድ አያት ነው። የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸው ፈረንጆች የናፖሊዮንን ጦርነት በጣት ቁመት በተሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ሲጫወቱ በስልክ አይቷል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። “ለየካቲት 23 እኛም ዓድዋን በሙሉ ሠርተን ሳሎን ላይ እናሰልፍ” እያለ ቤቱን አስጨንቋል። አያትየው ሁለት ነገር ይጠይቃሉ። ይህ ነገር በእኛ አቅም ይቻላል ወይ? ቢቻልስ ልጅን ጦርነት ማጫወት ደግ ነው ወይ?

መጀመሪያ ልጁ ያየው ነገር ቀልድ እንዳልሆነ እንወቅ። ናፖሊዮን ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈበት የዋተርሉ ጦርነት የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1815 ነው። ዊልያም ሳይበርን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ይህን ጦርነት በትንንሽ የብረት ወታደሮች ለመሥራት ተነሣ። ስምንት ወር ያህል በጦር ሜዳው ተቀምጦ ኮረብታውንና እርሻውን ለካ፤ ከጦርነቱ ለተረፉ መኮንኖች ደብዳቤ እየጻፈ ማን የት ቆሞ እንደነበር ጠየቀ። በ1838 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ለሕዝብ ያሳየው ሥራ 70 ሺህ ያህል ወታደሮች ነበሩት። ዛሬም እዚያው ለንደን በሠራዊቱ ሙዚየም ይገኛል። ሰውየውን ግን ዕዳ ውስጥ ከተተው። መንግሥት ገንዘቡን ሲያቋርጥበት የጨረሰው በራሱና በብድር ገንዘብ ነው፤ ያወጣውንም ሳይመልስ ሞተ። በቅርቡ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ፣ ከ22 ሺህ በላይ ትንንሽ ወታደሮች ተሰልፈው ይኸው ጦርነት እንደ ጨዋታ ተደግሟል። ያን ያህል ወታደር የተገኘው ብዙ ሰዎች በየቤታቸው ለዓመታት የቀቡትን በአንድ አዳራሽ ስላሰባሰቡ ነው። የአንድ ቤት ሥራ አልነበረም።

እስቲ አሁን ወደ ዓድዋ እንምጣና ሒሳቡን እንሥራ። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር አብዛኛውን ጊዜ 100 ሺህ ገደማ ነው ይባላል። የጣሊያን ጦር 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ነበረው። ሁለቱ ሲደመሩ 118 ሺህ አካባቢ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የጭቃ ወታደር እንሥራ ብንል፣ አንዱን በአንድ ደቂቃ ብንጨርስ እንኳ፣ በቀን ሁለት ሰዓት እየሠራን ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ይፈጅብናል። ልጁ ወደ 14 ዓመቱ ይጠጋል ማለት ነው። ቦታውንም እንየው። አንዱ ወታደር ለመቆሚያ ሁለት ሳንቲ ሜትር በሁለት ሳንቲ ሜትር ቢይዝ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቢቆሙ እንኳ 47 ካሬ ሜትር ይሞላሉ። ይህ ተራራውን፣ ሸለቆውንና የሰው መተላለፊያውን ሳይጨምር ነው። ጉለሌ ውስጥ ስንቱ ቤተሰብ ነው 47 ካሬ ሜትር ያለው?

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ዓድዋን በሙሉ በአንድ ቤት መሥራት አይቻልም። ግን ማንም በሙሉ አልሠራውም። ሳይበርን እንኳ ከነዚያ ሁሉ ዓመታት ድካሙ በኋላ አንዱን ወታደር ሁለት ሰው ያህል አድርጎ ነው ያሰበው። ስለዚህ ለልጁ የሚነገረው “አንድ ወታደር ስንት ሰው ይወክል?” የሚል እንጂ “ተወው” የሚል አይደለም። አንዱ 500 ሰው ይወክል ብንል ለኢትዮጵያ 200፣ ለጣሊያን 35 ወታደር ይበቃናል። መድፉም አንዱ ለስምንት ቢታሰብ ሰባት ነው። ይህ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር በሆነ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ከነተራራው ይገባል። ሒሳቡን ልጁ ራሱ ይሥራው፤ በትምህርት ቤት ያልገባው ማካፈል እዚህ ይገባዋል።

ስለ ወጪውም አትጨነቁ። ከውጭ የሚመጣው የተቀባ ወታደር ለእኛ ኪስ አይሆንም፤ አያስፈልግምም። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቆርኪ ነው። ከሰፈር ግሮሰሪ በነፃ ይገኛል፤ አንዱን ቀለም ለአንዱ ወገን፣ ሌላውን ለሌላው ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጭቃ ነው፤ በዚህ ረገድ የጉለሌ ሰው የታደለ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች አጠገባችን አሉ። ልጁን ይዛችሁ ሂዱና በደንብ የታሸ ጭቃ ከእነርሱ ግዙ፤ እግረ መንገዱንም እጃቸውን ይይ። ለዘመናት በንቀት ስትታይ የኖረች ሙያ ምን ያህል ዕውቀት እንደምትጠይቅ፣ የመጀመሪያው ወታደሩ ሲሰነጠቅበት ይገባዋል። የተሠራውን ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ክንድና ጦር ለብቻቸው አውጥቶ መሥራት ትርፉ ስብራት ነው፤ ድፍን አድርጎ መሥራትና ጋሻውን በቀለም መሣል ይሻላል። ተራራውን በካርቶንና በአሮጌ ጋዜጣ ሥሩት።

ጥቂት ወታደር ማለት ጨዋታው ደረቅ ይሆናል ማለት አይደለም። እንዲያውም ዓድዋን የሚያስረዳው የወታደሩ ብዛት ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ልጠቁማችሁ።

አንደኛው ስንቅ ነው። አፄ ምኒልክ የክተት አዋጁን አስነግረው በጥቅምት 1888 ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ጦሩ ወረ ኢሉ ላይ ተሰባስቦ ወደ ሰሜን ዘለቀ። እስከ የካቲት ድረስ ወራት የፈጀ የእግር ጉዞ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀ ነበር፤ ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ ውጊያው እንዲገባ ከገፋፉት ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ስኒ ባቄላ ስጡ። አንድ ቀን ባለፈ ቁጥር ለእያንዳንዱ ጭፍራ የሚገባው ባቄላ ይነሣ። ስኒው ቀድሞ ባዶ የሆነበት ወይ ይዋጋ ወይ ይመለስ። ጦርነት ከጥይት በፊት የእንጀራ ጉዳይ መሆኑን ልጁ በዚህ ይረዳዋል። ስንቅ ያዘጋጁትንና አጋሰስ የነዱትን ሴቶችና አገልጋዮች ታሪክም ማንሣት የሚቻለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ካርታ ነው። ባራቲዬሪ ጦሩን በሌሊት ያንቀሳቀሰው በአልበርቶኒ፣ በአሪሞንዲ፣ በዳቦርሚዳና በኤሌና የሚመሩ አራት ብርጌዶች አድርጎ ነው። በእጃቸው የነበረው ንድፍ ግን ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ ያለ ቦታው አስቀምጦታል። አልበርቶኒ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ፍለጋ ከሌሎቹ እጅግ ርቆ ወደፊት ሄደና ለብቻው ተከበበ፤ ዳቦርሚዳም በሌላ አቅጣጫ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። ስለዚህ ጣሊያንን ለሚጫወተው ልጅ ሆን ብላችሁ የተሳሳተ ካርታ ስጡት፤ ትክክለኛው በአያት እጅ ይሁን። የፕሩሲያ መኮንኖች ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የጦርነት ጨዋታን ለሥልጠና ሲጠቀሙበት እንዲህ በዳኛ ነበር። ዳኛው ሁሉን ያያል፤ ተጫዋቹ የሚያየው ወታደሮቹ የሚያዩትን ብቻ ነው። ጉልበቱ ለደከመ አያት ከዚህ የሚመች ሥራ የለም፤ ተቀምጦ መፍረድ ነው።

ሦስተኛው ጣሊያንን የሚጫወተው ማነው የሚለው ነው። ሁሉም ልጅ ምኒልክን፣ ጣይቱን ወይም ባልቻ አባ ነፍሶን መሆን ይፈልጋል። በተራ አድርጉት። ድል የነሣው ሰው ለምን እንዳሸነፈ አጥርቶ የሚያውቀው በተሸናፊው ወንበር ሲቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ሌላም እውነት ይነሣል። ከጣሊያን ጦር ውስጥ ከ7 ሺህ የማያንሱት ኤርትራውያን አስካሪዎች ነበሩ። ልጅ “ለምን ከእኛ ጋር ተዋጉ?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቅኝ ግዛት ሰውን በደሞዝና በግዳጅ እንዴት በወንድሙ ላይ እንደሚያሰልፍ ለመናገር ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከድሉ በኋላ በተማረኩት አስካሪዎች ላይ የተፈጸመው ቅጣት ከባድ ነው፤ ለትንሽ ልጅ አይነገርም፤ ከጎረመሰው ግን መደበቅ የለበትም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ልጅን ጦርነት ማጫወት ደግ ነው? ጥያቄው ዛሬ በእኛ አገር ተራ ጥያቄ አይደለም። በዚህ ሰፈር በቅርብ ዓመታት ልጁን፣ ወንድሙን በጦርነት ያጣ ቤት አለ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ሐዘን ባለበት ግቢ፣ ወይም የፊት በር ጎረቤት ፎቶ ከነጥቁር ጨርቁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ወራት፣ ይህን ጨዋታ በግልጽ ማሰናዳት ነውር ነው። ለከርሞ ይቆይ። የልጁ አባት ወይም አጎት ከጦር ሜዳ የተመለሰ ከሆነም ፈቃዱን ጠይቁት፤ ዝም ካለ ዝምታውን እንደ መልስ ቁጠሩት።

ያ ከሌለ ግን እኔ በበኩሌ አልቃወምም። አያቶቻችን ሰንጠረዥና ገበጣ ሲጫወቱ ኖረዋል፤ ሁለቱም ሌላውን ማጥቃትና መማረክ ያለባቸው ናቸው። ልጆቻችን በስልክ ላይ በቀን ስንት ሰው ተኩሰው እንደሚጥሉ የማናውቅ አይደለንም። በስልኩ የሞተው ወዲያው ይነሣል። በጠረጴዛው ላይ ግን ልጁ በእጁ ጠፍጥፎ የሠራው ወታደር ይነሣና ወደ ሳጥን ይገባል። አንድ ደንብ ጨምሩበት። ወታደር ሲነሣ ያነሣው ልጅ “500 ሰው” ብሎ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ዓድዋ ላይ ከእኛም ወገን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወድቀዋል፤ የአምባላጌው ጀግና ፊታውራሪ ገበየሁም ከነዚያ አንዱ ናቸው። ድሉን ከዋጋው ጋር ያወቀ ልጅ በዓሉን የበለጠ ያከብረዋል እንጂ አይንቀውም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስም በ1913 እ.ኤ.አ. ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች ጨዋታ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ የትንሹ ጦርነት ጥቅም የእውነተኛውን ጦርነት ከንቱነት ማሳየቱ እንደሆነ አስረድቷል።

ለጠያቂያችን አያት ምክሬ ይህ ነው። ዘንድሮ በዓድዋ አትጀምሩ፤ በመቀሌ ጀምሩ። በጥር 1888 የጣሊያን ጦር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ሲከበብ ውስጥ የነበሩት 1,200 ያህል ናቸው። አንዱ 50 ሰው ቢወክል 24 ወታደር ይበቃቸዋል፤ ይህ የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው። ምሽጉን ያስለቀቀው በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃው ምንጭ መያዙ ነው። ስለዚህ ባቄላውን በውኃ ብርጭቆ ቀይሩት፤ በየተራው አንድ ማንኪያ ይቀነስ። ጨዋታው በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ ብዙ ሰው ሳይሞትም ማሸነፍ እንደሚቻል ያስተምራል።

ልጁ ይህን ጨርሶ አሁንም ዓድዋን ካለ ፍላጎቱ እውነተኛ ነው። ያን ጊዜ ፒያሳ ወዳለው፣ በየካቲት 2016 ወደተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ውሰዱት፤ እንጦጦ ወጥታችሁም የምኒልክን ቤተ መንግሥት አሳዩት። የጥንቱን የዓድዋ ሥዕል ስታዩ ደግሞ የእኛ ሰዎች ፊታቸው ሙሉ፣ ጠላት ግን በጎን አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ መሣሉን ልብ ይበል። ከዚያ ሥራውን ለአምስት ቤት አከፋፍሉት። አንዳንዱ ቤት ወታደሮቹን፣ ሌላው ተራራውን፣ ሌላው መድፉን ይሥራ፤ ማሰለፊያውን ትምህርት ቤቱን ወይም ዕድራችሁን ጠይቁ። የሚከብደው ሠርቶ ማሰለፉ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የት ይቀመጣል የሚለው ነውና፣ ሥራው ሳይጀመር ሳጥኑና ቦታው ከእናትየው ጋር ይወሰን። ያለ እርሷ ፈቃድ የተጀመረ ዘመቻ ከምግብ ጠረጴዛው አያልፍም።