የምረቃው የፊት ወንበር የማን ነው?

የምረቃ ወቅት ሲደርስ የኮሌጆቻችን ግቢ መልኩን ይለውጣል። ድንኳን ይተከላል፤ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ የድምፅ ማጉያው ገና በማለዳ ይሞከራል። ከመድረኩ ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ የለበሱ ወንበሮች ተደርድረው የክብር እንግዶች ስም ይለጠፍባቸዋል። ንግግሩ ሲያበቃ የምስጋና ወረቀትና ዋንጫ ይታደላል፤ አንዳንዴም ካባ ይለበሳል። ኮምፒውተር የሰጠው ባንክ ይሸለማል። የክፍለ ከተማው ኃላፊ ይሸለማሉ። ባነሩን ያሳተመው ድርጅትም ይሸለማል። በዚያች ሰዓት ከኮሌጁ አጥር ማዶ ጋራዡን ከፍቶ ሥራ ላይ ያለው መካኒክ ጭብጨባውን ከሩቅ ይሰማል። ከተመራቂዎቹ መካከል ሞተር ፈትተው መግጠምን በእሱ መፍቻ የተማሩ ልጆች አሉ። ወደ ምረቃው የጠራው ግን የለም።

ይህ ጋዜጣ ልማዱ በዘንድሮው ምረቃ እንዲለወጥ ይጠይቃል። ባንኩ አይመስገን፣ ኃላፊው አይጋበዙ አንልም። የምንለው የምስጋናው ቅደም ተከተል ተገልብጧል ነው። ኮሌጅን በገንዘብ የደገፈ ሁሉ ስሙ ሲጠራ፣ በቦታው፣ በዕቃውና በጊዜው ያስተማረው ሰው ስሙ የትም የለም።

የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችን የቆመበትን መሠረት እንመልከት። ሰልጣኙ ሙያውን በኮሌጅ ብቻ ሳይሆን በሥራ ቦታም እንዲማር የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራር ተዘርግቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 954/2008ም ሕጋዊ መሠረት አለው። ሲነገር የኖረው ቀመር ከሥልጠናው 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በኮሌጅ ይሰጥ የሚል ነው። ቀመሩ በየቦታው እንደተጻፈው ይፈጸማል ማለታችን አይደለም። ግን የአሠራሩ ሐሳብ ምን እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የሥልጠናውን ትልቁን ድርሻ የሚሸከመው ከኮሌጁ ደመወዝ የማይቀበል፣ በኮሌጁ መዋቅር ውስጥ የሌለ ሰው ነው። የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት፣ የእንጨት ሥራ ማኅበሩ አባል፣ የልብስ ስፌቷ ባለሙያ፣ የሆቴሉ ዋና ወጥ ቤት ነው።

ይህ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ በቅርብ ያየ ያውቀዋል። ብየዳ የሚማር ልጅ መስመሩ ቀጥ እስኪልለት ድረስ ኤሌክትሮድ ይጨርሳል፤ ላሜራ ይበሳል። በስህተት የተቆረጠ ጣውላ ተመልሶ አይቀጠልም። መኪናውን ሊያስጠግን የመጣ ደንበኛ ደግሞ ቱታ የለበሰውን ወጣት አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ መኪናዬን እንዳይነካብኝ» ይላል። ባለ ጋራዡ «አይዞህ፣ እኔ አጠገቡ ነኝ» ብሎ ሲመልስ የራሱን ስምና ገበያ ዋስ አድርጎ እያቀረበ ነው። ልጁ ቢሳሳት ካሣው ከእሱ ኪስ ይወጣል። በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ሥራ፣ እያሳዩ ሲሠሩት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ኪራይ በሚከፈልበት ሼድ ውስጥ ግማሽ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴ አይነገረውም።

ታዲያ ኮሌጆቻችን ወደዚህ ሰው የሚሄዱት እንዴት ነው? ብዙ ጊዜ ማኅተም ያረፈበት «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ለሰልጣኙ ይሰጡታል። ሰልጣኙ ደብዳቤውን ይዞ በር ለበር ይዞራል፤ አንዱ ይመልሰዋል፣ ሌላው ነገ ና ይለዋል። በመጨረሻ የተቀበለው ሰው ከወራት በኋላ የግምገማ ቅጽ ይቀርብለታል፤ ይሞላል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ካለው ይመታል። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ሌላ ደብዳቤ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ኮሌጁና ጋራዡ አይተዋወቁም።

ስለ አከራዮችም አንድ ነገር ማለት ይገባናል። አብዛኛው የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መኝታና ምግብ አይሰጥም። ከገጠር ወረዳ የመጣ ሰልጣኝ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤት በተላከለት በሶና ዱቄት ይኖራል። የወሩ ገንዘብ ሲዘገይ «ሲመጣልህ ትሰጠኛለህ ልጄ» ያሉት እናት፣ ሽሮና ዘይት በዱቤ የሰጠው ባለ ሱቅ፣ በስንት ሰልጣኝ ዲፕሎማ ውስጥ እጃቸው እንዳለ ማን ቆጥሮ ያውቃል? ስማቸው ከየትኛውም የኮሌጅ ሪፖርት አይገኝም። ልጁ ትምህርቱን ከማቋረጥ የዳነው ግን በእነሱ ነው።

ኮሌጅ በአካባቢው ሕዝብ ትከሻ ላይ መቆሙ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በጎንደር አቅራቢያ በደምቢያ የገባው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት የፖይንት ፎር ፕሮግራም እንደረዱት ታሪኩን የጻፈ ሁሉ ያነሳል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ኮሌጁ ያሠለጥን የነበረው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ነው። እነዚህ ተማሪዎች ሙያቸውን ያጠኑት በክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም። በቡድን እየሆኑ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎችና መንደሮች ይወጡ ነበር፤ ምንጭ ይመረምራሉ፣ መጸዳጃ ያስቆፍራሉ፣ ነፍሰ ጡር ይከታተላሉ፣ ሕፃናት ይከትባሉ። አስቡት፤ ልጇን በበሽታ የቀበረች እናት ለማታውቀው የከተማ ተማሪ በሯን ከፍታ፣ ስንት ወልዳ ስንት እንደሞተባት ስትነግረው ያ ተማሪ የተማረው ከየትኛው መጽሐፍ ይገኛል? ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም የቆመው በለጋሾቹ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የደምቢያ ገበሬ ደጃፍም መማሪያ ክፍሉ ነበር።

በጅማም እንደዚሁ ሆኗል። በ1975 ዓ.ም. የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትን መለያው አድርጎ ተነሳ፤ ተማሪዎቹም በከተማውና በዙሪያው ቀበሌዎች ሕዝቡ ውስጥ ገብተው ችግሩን እያጠኑ ተማሩ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ የሆነውን ስናነሳ የምስጋናችን መዛባት ጎልቶ ይታያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ይህን ስጦታ ስድስት ኪሎ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረና ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ ማገልገል ግዴታቸው ሆነ። ከአዲስ አበባ ርቀው የማያውቁ ወጣቶችን ቤት ያከራዩ፣ ቡና ያጠጡ፣ ሲታመሙ ያስታመሙ፣ ያገሩን ቋንቋና ወግ ያስተማሩ የየአውራጃው ሰዎች ነበሩ። የዚያ ትውልድ ሰዎች አገራቸውን ያወቁት በዚያ ዓመት እንደሆነ ይናገራሉ። ቤተ መንግሥቱን የሰጠው ይታወቃል፤ አገሩን ያሳወቁት ግን አልተጻፉም።

በእኛ ዘመን ከታየው ውስጥ ይህ ጋዜጣ አንዱን በተለይ ያከብራል። በ2012 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ ወላጅ ልጁን ርቆ ለመላክ በፈራበት ጊዜ፣ ጎንደር ውስጥ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የተባለው ሐሳብ ተጀመረ። ከሌላ ክልል የመጣውን አዲስ ተማሪ አንድ የከተማው ቤተሰብ እንደ ልጁ ሊቀበለው ቃል ይገባል። በዓል ሲሆን ተማሪው ካፌ ውስጥ ብቻውን አይቀመጥም፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲከፋው የሚሄድበት ቤት አለው። ከቤተሰቡ የተጠየቀው እንጀራና ፍቅር ነው። ከምስጋናም አንጻር የምንወደው ነገር አለው፤ ቤተሰቡን ከመጀመሪያው በስሙና በአድራሻው አውቆ፣ የተቋሙ አካል አድርጎ ይነሳል። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ከአስተናጋጅ ወርክሾፖች ጋር ይህንኑ ማድረግ የማይችሉበት ምክንያት አይታየንም።

አንድ ነገር ግን ሳንሸሽግ እንናገር። ሰልጣኝ የተቀበለ ሁሉ ምስጋና አይገባውም። ተለማማጅን ሻይ እያላከ፣ ወለል እያስጠረገ፣ ዕቃ እያሸከመ ወራቱን የሚያስጨርስ አለ። ጉልበቱን በነፃ ሲጠቀምበት ከርሞ መጨረሻ ላይ በሁሉም መስፈርት «እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ቅጽ የሚሞላ አለ። ሴት ሰልጣኞችን በሥራ ቦታ የሚተናኮል ደግሞ ሽልማት ቀርቶ ሌላ ሰልጣኝ ፈጽሞ ሊላክለት አይገባም፤ በሕግ መጠየቅ አለበት። ለዚህ ነው ምስጋናው ከሰልጣኙ አፍ መጀመር ያለበት። ማን አስተማረህ? ማን ማሽኑን አስነካህ? ማን መለሰህ? ኮሌጁ ይህን ጥያቄ ለእያንዳንዱ ተመራቂ ለብቻው፣ በምሥጢር ቢጠይቅ የሚሸለሙትም የሚወገዱትም በግልጽ ይታወቃሉ። ዛሬ የሚሸለመው ማን እንደሆነ የሚወሰነው በዲን ቢሮ ነው፤ ሰልጣኙን የጠየቀው የለም።

ምስጋናውስ ምን ይሁን? ፍሬም የገባ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ደስ ይላል፤ አንንቀውም። ከወረቀቱ የሚበልጥ ውለታ ግን በኮሌጆቹ እጅ አለ። ስንት ሰልጣኝ ለብቃት ምዘና ያበቃ አናጢ ወይም በያጅ እሱ ራሱ የምስክር ወረቀት የለውም። ሙያውን ከአባቱ ወይም ከጌታው የለመደ ነው። ያስተማረው ልጅ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፎ በደረጃ ሲቀጠር፣ መምህሩ ግን ችሎታውን የሚያስረዳበት ወረቀት ስለሌለው ከቅጥርም ከጨረታም ይቀራል። የምዘና ሥርዓቱ ራሱ ሙያ የትም ይለመድ የት በምዘና ይረጋገጣል በሚል መርሕ የቆመ ነው። ስለዚህ ኮሌጁ ይህን ሰው ለምዘናው የጽሑፍ ክፍል ያዘጋጀው፤ ከምዘና ማዕከሉ ጋር ያገናኘው፤ የምዘናውን ክፍያ ይሸፍንለት። ለሃያ ዓመት በእጁ ላይ የኖረን ችሎታ በወረቀት ማረጋገጥ ከማንኛውም ዋንጫ የበለጠ ክብር ነው ብለን እናምናለን። ከሁሉ አስቀድሞ መፈጸም ያለበትም ይኸው ነው።

ሌላም አለ። ማታና ቅዳሜ ተዘግተው የሚውሉ የኮሌጅ ማሽኖች አሉ። ትንሹ ወርክሾፕ ሊገዛው የማይችለውን ሌዝ ወይም የእንጨት ማሽን፣ ሰልጣኝ ላስተናገደ ሰው በተወሰነ ሰዓት ክፍት ማድረግ ለኮሌጁ ብዙ አይከብደውም። የኮሌጁ ቦርድ ላይ ከትልልቅ ድርጅቶች ተወካዮች ጎን አንድ ባለ ጋራዥ ይቀመጥ፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ገበያው ውስጥ ካለው መኪና ስንት ዓመት ወደኋላ እንደቀረ ከእሱ የተሻለ የሚነግራቸው አያገኙም። የትብብር ሥልጠና አስተባባሪውም ደብዳቤ ሰጥቶ ከመለያየት ይልቅ ራሱ በእግሩ ይሂድ፤ ለዚህም መጓጓዣና ጊዜ ይመደብለት። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ኮሌጆችን ሲመዝን አስተናጋጆቻቸውን ምን ያህል እንደያዙም ይመልከት። አንድ ዓመት ተቀብሎ በሁለተኛው ዓመት እምቢ ያለ ወርክሾፕ ለምን እምቢ እንዳለ የጠየቀ ኮሌጅ ስንት ነው?

በመጽሔቱም ላይ ሥራ አለ። የምረቃ መጽሔት ገጾች በባለሥልጣናት የደስታ መልእክትና በማስታወቂያ ይሞላሉ። ከእያንዳንዱ ተመራቂ ፎቶ ሥር ሙያውን የተለማመደበት ቤት ስም በአንዲት መስመር ይጻፍ። ቀለሙ ብዙ አይፈጅም። ያን መጽሔት ልጁ ለዓመታት ያስቀምጠዋል፤ ባለ ጋራዡም እንደዚሁ። ቀጣሪም ልጁ የት እንደተለማመደ ከዚያው ያነባል።

ለኮሌጅ ዲኖች የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ የዘንድሮው የጥሪ ካርድ ከመታተሙ በፊት የአስተናጋጆቹን ዝርዝር ከመዝገብ ያውጡ። ካርዱን ሰልጣኙ ራሱ በእጁ ያድርስ፤ ለመካኒኩም፣ ለስፌት ባለሙያዋም፣ ኪራይ ለታገሱት እናትም። የፊተኛው ረድፍ ለእነሱ ይለቀቅ። ንግግር አይጠየቁ፤ ተመራቂዎቹ ስማቸው ሲጠራ ከወንበራቸው ተነስተው እጅ ይንሷቸው። በዕለቱ ጋራዡን ዘግቶ ለመምጣት የአንድ ቀን ገቢ የሚያጣ ሰው መሆኑንም ኮሌጁ ያስብ፤ መርሐ ግብሩ በሰዓቱ ይጀመር፣ በሰዓቱም ይለቅ።