ግድፈቱ የማን ነው?

በቢሮ አማርኛ ውስጥ «ግድፈት»ን የሚያህል ለስላሳ ቃል አላውቅም። የፊደል ግድፈት፣ የአጻጻፍ ግድፈት፣ የመረጃ ግድፈት እንላለን። ደብዳቤ ላይ «በተፈጠረው ግድፈት ምክንያት» ተብሎ ሲጻፍ፣ ግድፈቱ በራሱ ጊዜ የበቀለ ይመስላል። በግዕዝ ግን ገደፈ ማለት ጣለ፣ ተወ ማለት ነው፤ የጣለ ሰው አለ። ጾምን በሚመለከት ዛሬም የምንናገረው በዚሁ ስሜት ነው። ጾሙን በሥርዓቱ የጨረሰ «ፈታ» ይባላል፤ መጾም ሲገባው የበላ ደግሞ «ገደፈ»። ማን እንደገደፈ ይታወቃል፣ ንስሐውም የራሱ ነው። ቃሉ መሥሪያ ቤት ሲገባ ግን ገዳፊው ይሰወርና ቅጣቱ ስሙ በተገደፈበት ሰው ላይ ይወድቃል።

ይህን በግልጽ የሚያሳዩት እንደ ጭሮ ያሉ ከተሞች ናቸው። ጭሮ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ በመሆኗ ከዶባ፣ ከመሰላ፣ ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶ የዞን ጉዳይ ያለው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። የሚይዘው ወረቀት ደግሞ በአንድ ፊደል የተጻፈ አይደለም። የአፋን ኦሮሞው የላቲን ፊደል ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራ ፊደል ስለሆነ የቀበሌው ወረቀት በቁቤ ነው፤ የቆየው የትምህርት ማስረጃ በአማርኛ፣ ፓስፖርቱ በእንግሊዝኛ። አንድ ስም ከፊደል ወደ ፊደል በተሻገረ ቁጥር የሚወድቅ ነገር አለ። የእኛ ፊደል የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም። በአፋን ኦሮሞ «በዳ» ሲላላ የተበላሸ፣ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው፤ በአማርኛ ስንጽፋቸው ሁለቱም አንድ ናቸው። ጫልቱ የተባለች ልጅ በቁቤና በእንግሊዝኛ የስሟ የመጀመሪያ ድምፅ አጻጻፍ ስለሚለያይ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሠራተኛ «ይህች ሌላ ሰው ናት» ሊል ይችላል።

የከተማዋ ስም እንኳ እንዲሁ ነው። በቀድሞው ዘመን ወረቀት የትውልድ ቦታው «አሰበ ተፈሪ፣ ጨርጨር አውራጃ» የሚል ጡረተኛ፣ የዛሬው መታወቂያው ጭሮ ይለዋል። ጨርጨርን የገዙትና በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውራጃውን ለአገሩ ሁሉ አርአያ ለማድረግ የደከሙበት ቦታ ነው። እዚያ የተወለደ ሰው አሰበ ተፈሪና ጭሮ አንድ ከተማ መሆናቸውን በምስክር ሊያስረዳ አይገባውም ነበር።

ከሁሉ የሚከነክነኝ አብዱልቃድርን ቃድር የሚያደርገው ግድፈት ነው። ለጸሐፊው የቀረው ጥቂት ፊደል ነው። ለባለስሙ ግን የቀረው «ባሪያ» የሚለው ቃል ነው፤ የቻዩ አምላክ ባሪያ የነበረው ሰው በወረቀት ላይ ራሱ ቻይ ተብሎ ተጽፏል። አንድ አዛውንት የልጃቸው ስም እንዲህ ተቆርጦ አግኝተው፣ በአንድ ቢሮ መስኮት ላይ ቆመው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ።

«አባባ፣ ትንሽ ግድፈት ናት፤ ፍርድ ቤት ሄደው ያስተካክሉ» አላቸው ወጣቱ ሠራተኛ።

«ትንሽ ከሆነች ለምን አንተው አታስተካክላትም፣ ልጄ?» አሉት።

መልስ አላገኙም። ወጥተው ራፖር ጸሐፊው ጋ ተቀመጡ። የማመልከቻ ከፈሉ፣ የፎቶ ኮፒ ከፈሉ፣ ምስክር ሆነው የመጡትን ጎረቤቶቻቸውን ምሳ አበሉ፣ የመሳፈሪያቸውንም ቻሉ። ጉዳዩ በዚያ ቀን አላለቀም።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው የገጠር ሰው ስሙና ዕድሜው የሚጻፈው በቃል ተጠይቆ ነው፤ ጆሮ የሳተውን እጅ ይስተዋል። አሁን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ተዘርግቷል። ሥርዓቱን እደግፈዋለሁ፤ ግን አንድ መዝገብ ላይ የተጣለ ፊደል ወደ ባንኩ፣ ወደ ግብሩ፣ ወደ ስልኩ አብሮ ይሄዳልና ጥንቃቄው ከቀድሞው እጥፍ መሆን አለበት።

ግድፈት ፈጽሞ የማይባልም አለ። በኦሮሚያ የገጠር መሬት ሕግ የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም ይመዘገባል። ደብተሩ ላይ የባል ስም ብቻ ሰፍሮ የሚስት ስም ከጠፋ፣ አብራ ስትኮተኩት የኖረችውን ሴት አንድ ሰው አስቀርቷታል። እሷ ስትጠይቅ «ግድፈት ነው» ብሎ መመለስ በደሉን መሸፈን ነው፤ ባሏ ሲሞት ወይም ሲፋቱ ማሳው ላይ የምትቆምበት ወረቀት የላትም።

መጠገን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። የብራና ጸሐፊ የዘለለውን ቃል በኅዳጉ ጽፎ የሚገባበትን ቦታ በምልክት ያሳያል፤ ብራናውን ያስጻፈውን ሰው ለዚያ ሁለተኛ አያስከፍልም። ነጋሪት ጋዜጣም የአዋጅ ስሕተት ሲገኝ ማረሚያ ያወጣል። ለአዋጁ የሚደረገው ለገበሬው ስም የማይደረግበት ምክንያት የለም።

በጭሮም፣ በሂርናም፣ በገለምሶም መስኮት ላይ የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ማኅተሙን ከመምታታችሁ በፊት የጻፋችሁትን ስም ለባለቤቱ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት፤ በተለይ ማንበብ ለማይችለው። ስሕተቱ ከመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ወጪውም ድካሙም የመሥሪያ ቤቱ ይሁን፤ ያረመውም ሰው ስሙን ይጻፍበት። ባለጉዳዮችም ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት፣ እዚያው መስኮቱ ላይ ሆናችሁ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም ፊደል በፊደል ተመልከቱ። የሚያነብላችሁ ልጅ ካለ ይዛችሁት ሂዱ።