ሾላ በድፍን

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ክረምት ሲመጣ ወሬያችን ሁሉ የችግኝ ቁጥር ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለምታክል ተርብ ላውራችሁ።

ውስጡ ያልታወቀ ነገር ሲገጥመን «ሾላ በድፍን» እንላለን አይደል? እውነትም የሾላ አበባ ከውጭ አይታይም፤ ፍሬ በምንለው ድፍን ነገር ውስጥ ነው ያለው። ንብ አትደርስበትም። የምትደርስበት የሾላ ተርብ ናት። በጠባቧ ቀዳዳ ስትገባ ክንፏ ይረግፋል። ከሌላ ሾላ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት ታራግፋለች፣ እንቁላል ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ወንድ ልጆቿ ክንፍ የላቸውም፤ ለሴቶቹ መውጫ ቆፍረው ይሞታሉ። ሴቶቹ ዱቄቱን ይዘው ሌላ ሾላ ፍለጋ ይበራሉ። ዕድሜያቸው ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ነው።

ዛፉስ? ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆማል፤ ወፉም ጦጣውም ሰዉም ይበላዋል። እና ማን ይበልጣል? ግብፅን እዩ። ዘኪዮስ የወጣበት ዓይነት ሾላ (አንዳንድ አገር ባምባ የሚባለው) እዚያ ለሺህ ዓመታት ኖሯል። ግን ተርቧ ስለሌለች ዘር አይሰጥም፤ ሰው ቅርንጫፍ እየቆረጠ ካልተከለው በራሱ አይራባም። ግዙፉ ዛፍ ያለ ትንሿ ተርብ መካን ነው፤ ተርቧም ያለ ዛፉ መወለጃ የላትም።

ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። እዚህ ሰሚት ግንባታ በተጀመረ ቁጥር «አንድ አሮጌ ዛፍ ቆረጥን፣ በምትኩ 10 ችግኝ ተከልን» ሲባል እሰማለሁ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አገር ምድሩ ችግኝ መትከሉ ደስ ይለኛል፣ እኔም ከተማሪዎቼ ጋር እተክላለሁ። ግን ይሄ ሂሳብ ልክ አይደለም። የሾላ ችግኝ ፍሬ እስኪይዝ ዓመታት ይፈጃል። ተርቧ ያላት ሁለት ቀን ነው። ንፋስ ሩቅ ሊወስዳት ይችላል፤ ስትደርስ ግን ፍሬ የያዘ ሾላ ካላገኘች አለቀ። ችግኙ አድጎ ተርብ እንዲያገኝ፣ አሮጌው እስከዚያ መቆም አለበት።

ስለዚህ ግቢ የምታስገነቡ፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ መሐንዲስ የሆናችሁ ልጆቼም፦ ሾላና ዋርካ ካለ ፕላኑን ትንሽ ዞር አድርጉት። «ትል አለበት» ብላችሁም መድኃኒት አትርጩበት፤ ያ «ትል» ነው ዛፉን ዘር የሚሰጠው።

ሰፈራችሁ ውስጥ የቆየ ሾላ የምታውቁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ቦታውን ጻፉልኝ። ቆጥረን እንያቸው እስቲ።