ስለ እበትና ስለ ምጣድ፤ የውጭ አገር ጥበብ በአገራችን ሥር የሚሰድበት መንገድ

የእርሻ ሥራ እንዲሻሻል የሚደክም ሹም ሁሉ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባ ነገር በገበሬው ምድጃ ውስጥ ይገኛል። ይህን ስንል እንግዳ ነገር የተናገርን ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የደጋውን አገር ዞሮ ያየ ሰው እውነትነቱን አይክድም። ዱሩ ተመንጥሮ ባለቀበት ስፍራ ባልቴቲቱም ሙሽራዪቱም የከብቱን እበት ሰብስበው፣ ከጭድ ጋራ ለውሰው፣ ጠፍጥፈውና በፀሐይ አድርቀው፣ ኩበት አድርገው ያነዱታል። ለእርሻው መብል ሊሆን ይገባው የነበረው ፍግ እንዲህ ሆኖ በእሳት ይበላል፤ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋራ ይተናል፤ ለመሬቱ የሚተርፈው ጥቂት አመድ ብቻ ነው። በሚመጣው ክረምት ገበሬው በገዛ ምድጃው ያቃጠለውን ናይትሮጅን ከባሕር ማዶ በመጣ ማዳበሪያ መልክ በብር ይገዛዋል። በዚህ ላይ ጋጋሪዋ በጭሱ ዐይኗንና ሳንባዋን ትታመማለች። አንዱ እሳት መሬቱንም ገንዘቡንም ጤናውንም ይበላል ማለት ነው።

ይህን ጉዳት ለማስቀረት የብዙ አገር ሊቃውንት ዕውቀታቸውን አስተባብረው፣ ማገዶ የሚቆጥብና ጭስ የማያበዛ ምድጃ፣ እንደዚሁም ከእበት ጋዝ የሚያወጣ ማብላያ ሲያወጡ ቆይተዋል። አገራችንም ከዚህ ትብብር ተካፋይ ሆናለች። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንናገረው የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ድንበር ተሻግሮ የመጣ ጥበብ እንደ ዕቃ ተረክበን የምናስቀምጠው ሳይሆን፣ በገዛ ምድጃችን ፈትነን፣ ጉድለቱን ጽፈን፣ ወደ መጣበት ልንመልሰው የሚገባ መሆኑ ነው። እንዲህ የማያደርግ አገር ተቀባይ ይባላል እንጂ የምርምር ባልንጀራ አይባልም። ይህም ሥራ በዋና ከተማ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ቁልፉ በወረዳ ሹማምንት እጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የከሰል ምድጃን ታሪክ እንመልከት። በታይላንድ አገር ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት፣ ውጭው ቆርቆሮ ውስጡ ሸክላ የሆነ የባልዲ መልክ ያለው ምድጃ ነበረ። በ1981 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ አዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች በናይሮቢ ጉባኤ አደረገ፤ በዚያው ዘመን የኬንያ ሰዎች የታይላንዱን ምድጃ መርምረው ለአገራቸው እንዲስማማ ለማድረግ ተነሡ። የመጀመሪያው ሙከራ ግን አልሰመረም። ከላይ እስከ ታች የተለበጠው ሸክላ እየተሰነጠቀ ተቸገሩ፤ የሚያበስሉትም ሴቶች ልክ ያልሆነውን ሁሉ እየነቀፉ ተናገሩ። ሠሪዎቹ ነቀፋውን ሰምተው ምድጃውን ወገቡ የቀጠነ አደረጉት፤ ሸክላውንም በላይኛው እኩሌታ ብቻ ለበጡት። ከዚህ በኋላ ነው በኬንያ ከተሞች ቤት ለቤት የገባው። የእኛም ሰዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዚሁ ከኬንያው ምድጃ ተምረው፣ ላቀች የተባለውን የከሰል ምድጃ አወጡ፤ ይህም ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሲመዛዘን ከከሰሉ አንድ አራተኛ ያህል ያድናል ተብሎ ተመሰከረለት።

እንግዲህ አስተውሉ። ምድጃው ከታይላንድ ወደ ኬንያ፣ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በየድንበሩ መልኩን ለውጧል። መልኩን የለወጠውም የሊቃውንት ሥዕል ብቻ ሳይሆን የጋጋሪዎችና የወጥ ሠሪዎች ነቀፋ ነው። ነቀፋውን ሰምቶ የሚጽፍ ባይኖር ኖሮ፣ የተሰነጠቀው ሸክላ ተጥሎ ነገሩ በዚያው በቀረ ነበር።

ነገር ግን ከሌላ አገር ልንማረው የማንችለው ነገርም አለ፤ እርሱም የእንጀራ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ከቤት ማገዶ የሚበዛውን እጅ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነው። የምጣዱ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እሳቱም ከመካከል እስከ ዳር እኩል ካልደረሰው መካከሉ ያርራል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ሩዝ በድስት የሚቀቅል ሕዝብ ይህ ችግር አይደርስበትምና መፍትሔውን ሊያስብልን አይችልም። ስለዚህ የእኛ ባለሙያዎች በ1990ዎቹ ምርጥ የተባለውን ምድጃ ሠሩ። ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ከአሸዋ በክፍል በክፍል ተሠርቶ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብ ነው። ከኋላው በሚወጣው ትኩሳት ላይ ድስት ይጣድበታል። በኋላም የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ሠሪዎችን በማስተማርና ምድጃውን በማስፋፋት ረዳ። በዚህ ጊዜ የእንግዳው ድርሻ እርዳታ ነበረ፤ አሳቡ ግን ከእኛው ቤት የወጣ ነው። ትብብር ማለት ይህ ነው።

ስለ ምርጥ ምድጃ በቤተ ሙከራ የተነገረው፣ ከሦስት ጉልቻ ጋራ ሲመዛዘን እስከ ማገዶው እኩሌታ ያድናል የሚል ነበረ። በ2018 ዓ.ም. የታተመ፣ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ሊቃውንት አብረው የሠሩት ጥናት ግን በገጠር ቤቶች ማገዶውን መዝኖ ሲያስጋግር፣ የተገኘው ቁጠባ ከ22 እስከ 31 በመቶ ሆነ። ይህን የሰማ ሰው ምድጃውን ሊንቅ ወይም የፊተኞቹን ሊቃውንት ሊያማ አይገባውም። በቤተ ሙከራ እንጨቱ ደረቅ ነው፤ አንዳዷም ከእሳቱ ዐይኗን አታነሣም። በገበሬው ቤት ግን እንጨቱ እርጥብ ይሆናል፤ እናቲቱም ሕፃን አዝላ፣ ጥጃ እያባረረች ትጋግራለች። ከማገዶው አንድ አራተኛ መዳኑ ራሱ ብዙ ነገር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑ ነው፤ እኩሌታው ይድናል ብሎ ያቀደ ሹም በዓመቱ ማለቂያ ዕቅዱ ይፈርስበታል፤ አንድ አራተኛ ብሎ ያቀደ ግን አይታለልም።

አሁን ወደ እበቱ እንመለስ። እበት ከእኩያው ውሃ ጋራ ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕይወታውያን ያብላሉትና የሚነድ ጋዝ ያወጣሉ። ጋዙ በቧንቧ ወደ ማድቤት ይሄዳል፤ ጭስ የለውም። ከጉድጓዱ በሌላ ወገን የሚወጣው ፈሳሽ ፍግ ደግሞ ናይትሮጅኑን እንደ ያዘ ወደ እርሻው ይመለሳል። ገበሬው በአንዱ እበት ሁለት ጊዜ ይጠቀማል ማለት ነው፤ መጀመሪያ ለእሳት፣ ቀጥሎ ለመሬት። ኩበት ግን አንድ ጊዜ ነድዶ ያልቃል።

ይህ ጥበብም መንገደኛ ነው። ጣራው እንደ ጉልላት ሆኖ ከመሬት በታች የሚሠራው ማብላያ በቻይና የተስፋፋ ነው። በኔፓል ደግሞ በ1977 ዓ.ም. የተቋቋመው የእበት ጋዝ ኩባንያ ይህንኑ ለተራራማው አገሩ እንዲስማማ አድርጎ፣ 2047 የሚባለውን ዓይነት አወጣ። ይህ ቁጥር የኔፓል ሕዝብ በገዛ አቆጣጠሩ የሚቆጥረው ዓመት ነው፤ በአውሮፓውያን 1990 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እንደኛው የራሱን ዘመን የሚቆጥር፣ እንደኛው በተራራ ላይ የሚያርስ ሕዝብ የሠራውን፣ የእኛ ሰዎች በኔዘርላንድ የልማት ድርጅት በኤስ.ኤን.ቪ. አማካይነት ተቀብለው፣ በአገሩ ድንጋይና ሲሚንቶ እንዲሠራ አስተካክለው፣ ስንዱ ብለው ሰየሙት። በ2009 ዓ.ም. ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ተጀመረ፤ በዚያው ዘመን ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛንያና ቡርኪና ፋሶም ተመሳሳይ ሥራ ጀመሩ።

ከዚህ ፕሮግራም አስቀድሞ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል በአገራችን ልዩ ልዩ ዓይነት ማብላያ ሲሠራ ነበረ። በ2008 ዓ.ም. የተጻፈው የፕሮግራሙ ሰነድ እንደሚለው፣ በዚያ ዘመን ሁሉ ከተሠሩት ከ1000 ያህል ማብላያዎች ውስጥ ከመቶው 40 ያህሉ ሥራ አቁመው ተገኙ። ምክንያቱም የሚከታተል አለመኖሩ፣ የሠሪነት ጉድለት፣ የከብት ማነስ፣ የውሃ ችግር፣ የባለቤቱ መልቀቅና መሰልቸት ነው ተባለ። ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም. በነበረው በመጀመሪያው ዘመን 14,000 ማብላያ ሊሠራ ታቅዶ የተሠራው 8,000 ያህል ነው። የምጣዱም ነገር እንደ ገና ተነሣ፤ የማብላያው የጋዝ ምድጃ ወጥና ቡና ያበስላል፤ እንጀራ ግን አይጋግርበትም ነበረ። ስለዚህ ማብላያ ያላት ቤት እንኳ ለእንጀራዋ ኩበትና እንጨት መፈለጓን አልተወችም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን መሐንዲሶች በጋዝ የሚነድ ምጣድ ሲሞክሩ መቆየታቸው ስለዚህ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የእነዚህ ዓመታት ትምህርት ይህ ነው። ከውጭ የመጣው ጥበብ መጥፎ አልነበረም፤ የጎደለው ከወረዳው ወደ ላይ የሚወጣው ወሬ ነው። በጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከታች የሚመጣው መግለጫ የተሠራውን እንጂ የተበላሸውን አይቈጥርም። «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ተሠራ» ይላል፤ «አምና ከተሠራው ይህን ያህሉ ደረቀ፣ ምክንያቱም ምንጩ በየካቲት ይነጥፋል» የሚል መስመር ግን አይገኝበትም። ሊቃውንቱ የሚፈልጉት ይህችን ሁለተኛዪቱን መስመር ነው። እርስዋ ካልተጻፈች የተሳሳተው ማብላያ በሌላ ወረዳ ይደገማል።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ድካም ለምንድር ነው? በ2025 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ኃይል ለሁሉ ይደርስ የለምን?» ይላሉ። መልካም ጥያቄ ነው። የመብራት ኃይል በደረሰበት ስፍራ ሁሉ እሰየው፤ ማንም የማይመኘው የለም። ነገር ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል ይፈልጋል፤ አምፑል ብቻ እንዲያበራ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ፣ በአንድ ማለዳ የአንድ ቀበሌ ምጣድ ሁሉ ሲጣድበት አይችለውም። ኃይል የሚቆጥብ ምጣድ ማውጣት ደግሞ እንደ ገና የእኛው ምርምር ነው፤ ሌላ ሕዝብ አይሠራልንም። ከዚህም በላይ መብራት ኃይል እንጀራውን ቢጋግር እበቱን ወደ እርሻው የሚያደርሰው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ መንገዶች ይረዳዳሉ እንጂ አይጣሉም።

እንግዲህ እናንተ በየዞኑና በየወረዳው ያላችሁ ሹማምንት፣ ከዚህ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ታስቡባቸው ዘንድ እንለምናለን።

መጀመሪያ፣ ማብላያ ወይም ምድጃ ከማሠራታችሁ በፊት ቤቱን መርምሩ። አራት ያህል ከብት የሌለው፣ ውሃም በግማሽ ሰዓት መንገድ ውስጥ የማያገኝ ገበሬ ማብላያ ቢሠራለት በዓመቱ የተበላሸ ጉድጓድ ይተርፈዋል። ለዕቅድ ማሟያ ተብሎ የሚሠራ ማብላያ የጎረቤቱንም ልብ ያሸሻል።

ሁለተኛ፣ ሥራ ያቆመውን ከሚሠራው ለይታችሁ በየዓመቱ ቁጠሩ፤ ምክንያቱንም ጻፉ። ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ባለቤቲቱንም ጠይቁ፤ ምድጃውን የምታውቀው እርስዋ ናትና። የብርዱንም ነገር አትርሱ፤ በውርጩ አገር እበቱ ቀስ ብሎ ይብላላል፣ ጋዙም ያንሳል። በሰሜን ሸዋ ወይም በጎንደር ደጋ የተመዘገበ የብርድ ወራት ቁጥር ለኔፓል ተራራ ገበሬም ይጠቅማል። ብድርን መመለስ የሚቻለው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ከውጭ አገርም ሆነ ከአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተመራማሪ ደብዳቤ ይዞ ሲቀርብ በመልካም ተቀበሉት፤ ቤቱን አሳዩት፤ ነገር ግን ያገኘውን ፍሬ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ጽፎ አንድ ቅጂ ለወረዳው እንዲመልስ አስቀድማችሁ ቃል አስገቡት። የጋጋሪዎችን ማገዶ መዝኖ፣ ጭሳቸውን ለክቶ ሄዶ፣ ምን እንዳገኘ ሳይነግራቸው የሚቀር ምርምር በግማሽ የቀረ ምርምር ነው። መጠየቁ ንቀት አይደለም፤ የባልንጀርነት ሕግ ነው።

አባቶች «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። የታይላንድ ሸክላ ሠሪ፣ የኬንያ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ የኔፓል ግንበኛና የኢትዮጵያ ጋጋሪ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ ነገር ግን ሥራቸው በአንድ ምድጃ ላይ ተገናኝቷል። ይህ ግንኙነት እንዲጸና የሚያደርገው በቀበሌው የሚዞረው የግብርና ሠራተኛ መዝገብ ነው። ያ መዝገብ የተበላሸውንም የሚናገር የሆነ እንደ ሆነ፣ እበቱ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ የተዘጋውም ማድቤት ከጭስ ይነጻል። መልካሙን ብቻ የሚናገር የሆነ እንደ ሆነ ግን፣ ኩበቱ መጠፍጠፉን አይተውም፤ የሚያረጀውም መሬታችን ነው።